ገበያ መሃል ድርግም ያለው ስልክ

ከመንዝ፣ ከመሃል ሜዳ አንዲት እህት ጽፋልኛለች። ስልኳ ሳምሰንግ ነው፣ ከገዛችው ሦስት ዓመት አልፎታል። ጠዋት በውርጩ ገበያ ወጥታ፣ የምትገዛውን በግ ፎቶ አንስታ ለባሏ ልትልክ ስትል፣ 38 ከመቶ ቻርጅ እያለው ድርግም አለ። ቤት ገብታ ቻርጅ ላይ ብትሰካው ምንም የለም። መብራት የለ፣ ንዝረት የለ። አንዱ ሠሪ «ቦርዱ ተቃጥሏል» አላት፣ የስልኩን ዋና የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ማለቱ ነው። ሌላው «ፍላሽ ላድርግልሽ፣ ይነሳል» አላት። የልጆቿ ፎቶ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። ምን ላድርግ ነው የምትለው።

እህቴ፣ መጀመሪያ ፍላሹን አስቁሚው። ፍላሽ ማለት የስልኩን ሶፍትዌር እንደገና መጫን ነው፣ ብዙ ጊዜም ፎቶሽን አብሮ ጠራርጎ ይወስዳል። አንቺ በነገርሽኝ ውስጥ ደግሞ ሶፍትዌር ተበላሸ የሚያሰኝ ነገር የለም። ሎጎው ላይ አልቆመም፣ እየበራ እየጠፋ አላስቸገረም። ብርድ ላይ፣ ካሜራ ተከፍቶ፣ ድርግም። እኔ እንዲህ ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ባትሪውን ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ስልክ የሚሠራ ሰው ይህን ጣጣ አሳምሮ ያውቀዋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ጠዋት ሱቄን ስከፍት «ስልኬ ሞተብኝ» የሚል ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ተቀብዬ ብብቴ ሥር እሸጉጠዋለሁ፣ ሻዬን እጠጣለሁ፣ ከዚያ አበራዋለሁ። አንዳንዱ አስማት የሠራሁ ይመስለዋል። ገንዘብ አልቀበልም፣ ሻዩን ግን ራሱ እንዲከፍል አደርገዋለሁ። ከጣርማ በር ወርዶ ሸዋ ሮቢት የሚሠራው ጓደኛዬ ግን ይህን ስነግረው ይስቅብኛል። የሱ ጠላት ሙቀት ነው፣ ያበጠ ባትሪ ነው የሚበዛበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባትሪ ሲቀዘቅዝ ይሰንፋል። ቻርጁ ውስጡ አለ፣ ግን ቶሎ አይወጣም። በብርድ የረጋ ማር በይው፤ ማሰሮው ሙሉ ነው፣ ብትደፊው ግን አይፈስም። ሙሉ ባትሪ 4.2 ቮልት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይሰጣል፣ ወደ 3.4 ገደማ ሲወርድ አብዛኛው ስልክ ራሱን ያጠፋል። ካሜራ ስትከፍቺ፣ ወይም ኔትወርኩ ደከም ባለበት ቦታ ስትደውዪ፣ ስልኩ በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ይጠይቃል፣ ያረጀና የቀዘቀዘ ባትሪ ያን ያህል ማቅረብ ያቅተውና ቮልቱ ለአፍታ ወርዶ ይወድቃል፣ ስልኩም አለቀ ብሎ ይዘጋል። 38 የሚለው ቁጥር የስልኩ ግምት ነው፣ በጣሳ የተሰፈረ ነገር አይደለም። ሦስት ዓመት ደግሞ ለባትሪ ሽምግልና ነው።

ታዲያ ቤት ገብቶ ቻርጅ ላይ ሲሰካ ለምን አልተነሳም? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ቦርዱ ላይ የሚፈርደው። ግን ቦርድ ከመጠርጠርሽ በፊት ቤትሽ ሆነሽ የምትሞክሪው ነገር አለ።

መጀመሪያ ይሙቅ። በርኖስ ውስጥም ይሁን ጋቢ ውስጥ፣ ገላሽ አጠገብ አንድ ሰዓት ይቆይ። ምድጃ ዳር እንዳታስቀምጪው፣ አደራ። ሳይሞቅም ቻርጅ አትሰኪው፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ውስጡ ይጎዳል፣ ጥሩ ስልክ ራሱ አልቀበልም ይላል። በብርድ የዋለ ስልክ እንፋሎት ያለበት ቤት ሲገባ ደግሞ እንደ መነጽር ላብ ያወጣል፣ እሱም እስኪደርቅ ጊዜ ስጪው።

እግረ መንገዴን፣ ጎረቤት «ጤፍ ውስጥ ቅበሪው፣ እርጥበቱን ይመጥልሻል» ቢልሽ አትስሚ። ሩዝም ያው ነው፣ ግን ጤፍ ይብሳል። አንድ ገበሬ ዝናብ የመታውን ስልክ ሦስት ቀን ጤፍ ጎታ ውስጥ ከትቶ አመጣልኝ። ውሃው እንዳለ ነው። የጤፍ ፍሬ ግን ቻርጅ ቀዳዳው ውስጥ፣ ድምፅ ማጉያው ውስጥ፣ የሲም ማስገቢያው ውስጥ ገብቷል። በማጉያ መነጽር እያየሁ በቀጭን ወረንጦ ጤፍ ስለቅም ዋልኩ። እናቴ ብታየኝ ለእንጀራ የማዘጋጅ ይመስላት ነበር።

ከሞቀ በኋላ የቻርጅ ቀዳዳውን በባትሪ መብራት እዪው። ውስጡ የልብስ ብናኝ ይጠራቀማል፣ ገመዱ በሰካሽው ቁጥር እየጠቀጠቀ እንደ ሱፍ ጨርቅ ያደርገዋል። ገመዱ እስከ መጨረሻው ካልገባ ወይም ከላላ ምልክቱ እሱ ነው። በእንጨት ስንጥር ቀስ አድርገሽ ጠርገሽ አውጪው። መርፌ አይሆንም፣ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን እግሮች ይጎብጣሉ። ከዚያ በሌላ ቻርጀር፣ በሌላ ገመድ፣ በሌላ ሶኬት ሰክተሽ ሳትነካኪው ግማሽ ሰዓት ተዪው። ጨርሶ የተሟጠጠ ባትሪ መጀመሪያ ላይ በጣም ጥቂት ጥቂት ነው የሚቀበለው፣ ለረጅም ደቂቃ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ሰው አምስት ደቂቃ ጠብቆ ይነቅልና «ሞቷል» ይላል።

አሁንም ዝም ካለ፣ ከቻርጅ ሳትነቅዪ ማብሪያውንና ድምፅ መቀነሻውን አንድ ላይ ተጭነሽ እስከ 20 ቁጠሪ። ይህ ፎቶ አያጠፋም። የተኛ ስልክ በግድ ተቀስቅሶ ይነሳል፣ ያ ብቻ ነው። የጎማ ልባሱንም አውልቂው። ልባሱ ማብሪያውን ተጭኖ ይዞ ስልኩን «የሞተ» ያስመሰለባቸው ጊዜያት ጥቂት አይደሉም። እንዲያውም ላፍር አይገባኝምና ልንገርሽ፤ ጀማሪ እያለሁ አንዱን ስልክ ግማሽ ቀን ቦርዱን ስቆፍር ዋልኩ፣ ለካ ጥፋቱ ተጣብቆ የቀረ ማብሪያ ኖሯል። ደንበኛው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር የዋለው።

ሌላም አለ። ስልኩ በርቶ ስክሪኑ ብቻ ሊሆን ይችላል የሞተው። በሌላ ስልክ ወደ ራስሽ ቁጥር ደውዪ። ከጠራ፣ ከነዘረ፣ ስልክሽ በሕይወት አለ፤ ስክሪን ወይም የስክሪኑ ሶኬት ነው ችግሩ። ይህ ከሆነ ተመስገን በይ፣ ፎቶሽ አልተነካም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተነሳ ወደ ሠሪ ይሂድ። ግን ቦርዱ ተቃጥሏል ላለሽ ሰው «በምን አወቅህ?» በይው። ቦርድ በዓይን ታይቶ አይፈረድበትም፣ ይለካል። እኔ ባትሪውን እነቅልና ቦርዱን ከኃይል መስጫው ላይ አያይዘዋለሁ፣ 4 ቮልት ላይ አድርጌ። ከዚያ ቦርዱ ምን ያህል ኃይል እንደሚስብ የሚያሳየውን ቁጥር ማየት ነው። ማብሪያውን ሳልጫን ዜሮ ወይም ከዜሮ የማይለይ መሆን አለበት። ገና ሳልነካው ዘሎ አንድ አምፔር፣ ሁለት አምፔር ካለ አንድ ቦታ ሾርት አለ፣ ኃይሉ በማይገባው መንገድ እየሾለከ ነው ማለት ነው። ተጭኜም ዜሮ ላይ ከቀረ መንገዱ ተቋርጧል፣ ከማብሪያው ጀምሬ እፈልጋለሁ። ተጭኜ ቁጥሩ ወጣ ብሎ አንድ ቦታ ችክ ካለ ነው ነገሩ የሚከብደው። ወጣ ወረድ እያለ ከሄደ ግን ስልኩ እየተነሳ ነው፣ እንኳን ደስ ያለሽ፣ የሞተው ባትሪው ነበር።

ሾርት ከሆነም ተስፋ አትቁረጪ። ቦርዱን ሮዚን በሚባል የብየዳ ሙጫ ጭስ ነጭ አስመስዬ እሸፍነውና ትንሽ ኃይል እለቅበታለሁ። ሾርት ያደረገችው ክፍል ትሞቃለች፣ በላይዋ ያለው ነጭ ይቀልጣል፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትታያለች። ብዙውን ጊዜ ካፓሲተር የምትባል፣ ኃይል ለአፍታ የምታጠራቅም ክፍል ናት፣ የጤፍ ፍሬ የምታክል። እሷን በመበየጃ አንስቶ ስልኩ ከነፎቶው የተነሳበት ጊዜ ብዙ ነው። ያቺን የመሰለች ነገር ናት እንግዲህ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ተብሎ ስልክ የሚያስጥለው።

ስለ ፎቶሽ። የሚቀመጠው ቦርዱ ላይ ነው፤ ባትሪ ቢቀየር፣ ስክሪን ቢቀየር አይጠፋም። ቦርዱን በሌላ ቦርድ እንቀይረው ካሉሽ ግን እምቢ በይ። ፎቶው ከአሮጌው ጋር ይሄዳል፣ የዛሬ ስልክ ደግሞ ፋይሉን ቆልፎ ስለሚያስቀምጥ ሚሞሪውን ብቻ ነቅሎ ሌላ ላይ በመለጠፍ አይነበብም፣ ዋናው ቦርድ ራሱ መነሳት አለበት። ከሁሉ በፊት ግን በሌላ ስልክ በጂሜይልሽ ገብተሽ ጉግል ፎቶስን ክፈቺ። ሳታውቂው ሲያስቀምጥልሽ ኖሮ ሊሆን ይችላል። ሚሞሪ ካርድ ከነበረውም አውጥተሽ እዪው።

ስልኩን ለማንም ከመስጠትሽ በፊት ጀርባውን በጎን እዪ። ክዳኑ ከፍ ካለ፣ ስክሪኑ ጠርዙ ላይ ከተነሳ፣ ባትሪው አብጧል። ያኔ ቻርጅ አትሰኪው፣ አትጫኚው፣ ልጆች አይንኩት፣ በዕቃ ውስጥ ታጭቆ በመኪና አይላክ፣ እዚያው አካባቢሽ ያለ ሠሪ ባትሪውን ብቻ ያውጣው። ካላበጠ ግን ባትሪውን ፊትሽ እንዲለካና በሌላ ባትሪ እንዲሞክር ንገሪው፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የሚቀይርልሽ ከሆነም አሮጌውን ተቀበይው፣ የተቀየረ ለመሆኑ ማረጋገጫሽ እሱ ነው።

ሲሙን ደግሞ ዛሬውኑ አውጥተሽ ሌላ ስልክ ላይ አድርጊው። «የቴሌብር ብሬስ?» ብለሽም ነበር፣ እሱ ስልኩ ውስጥ አይደለም፣ ቁጥርሽ ላይ ነው። የቁልፍ ስልክም ቢሆን *127# ብለሽ ገብተሽ ታዪዋለሽ፣ በጉንም ትከፍዪበታለሽ።