መልስ፦ አንዲት ለማዳ አይጥ ብቻዋን ትኖራለች ወይ?
«አንድ ብቻ ባሳድግ ይበልጥ አትለምደኝም ወይ?» ላልከው፣ የለም፤ ብቻዋን ትተክዛለች። ሁለት እህትማማቾች ውሰድ። ወንድ ከቀላቀልክ ግን በ3 ሳምንት ገደማ ትወልዳለች፤ አንዴ እስከ 12 ልጅ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ።

የጥድ ሰጋቱራ አታንጥፍ፤ ሽታው ሳንባቸውን ይጎዳል። የተቀዳደደ ወረቀት ይሻላል። ሽንት የነካውን በየቀኑ አንሳ፤ ከሽንቱ የሚወጣው አሞኒያ የሚባል ጋዝ የመተንፈሻ ሕመማቸውን ያባብሳል።

ለማላመድ እጅህን ጎጆው ውስጥ አስገብተህ ዝም በል፣ እርጎ በማንኪያ አስልሳት፣ ራሷ እስክትወጣብህ ጠብቅ። በጅራቷ በፍጹም አታንሳት፤ ቆዳው ሊገፈፍ ይችላል። ስትደባብሳት ጥርሷን በቀስታ እያፋጨች ዓይኗ ወጣ ገባ ካለ አትደንግጥ፣ ደስ ብሏት ነው፤ ከዚህ የሚጥም ነገር የለም! አፍንጫዋ ላይ የሚታየው ቀይ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ደም አይደለም፤ ከበዛ ግን የጭንቀት ወይም የሕመም ምልክት ስለሆነ የእንስሳት ሐኪም ይያት።