ላንጋኖ ላይ 75 ፈረስ ጉልበት ይበቃል ወይ?

ወንድሜ፣ «17 ጫማ ጀልባ በ75 ፈረስ ጉልበት ላንጋኖ ላይ የውሃ ስኪ ተጫዋች ይጎትታል ወይ?» ላልከው፣ እኔ አልመክርህም። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,600 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። 75ቱ እዚያ ቢበዛ 63 ቢሆን ነው።

አራት ሰው ከጫንክ ደግሞ ጭንቁ ፍጥነቱ አይደለም፤ ስኪ የሚጫወተውን ከውሃ ብድግ ማድረጉ ነው። ሞተሩ ያጓራል፣ የጀልባው አፍንጫ ሽቅብ ይቆማል፣ ገመድ የያዘው ሰው ውሃ እየጠጣ ይጎተታል።

115 ብትገዛ ይሻላል። ግን ጀልባው ላይ የተለጠፈውን የፈረስ ጉልበት ጣሪያ እንዳታልፍ፣ አደራ! ፕሮፔለሩንም ፒቹ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት) አነስ ያለ ምረጥ። ነዳጅ እስከ መጨረሻ ስትሰጠው ሞተሩ አምራቹ የጻፈው የደቂቃ ዙር ላይ መድረስ አለበት።