ካታላይቲኩን ላውጣው ወይስ ልተወው? የመኪና ወዳጆች ጥያቄና መልስ

ብርዱ ሲወጣ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ጠባያቸው ይቀየራል። ክረምቱን ሙሉ ስለ ባትሪና ስለ ጎማ ሲጠይቁኝ የከረሙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሯጭ ይሆናሉ። ዘንድሮ የብዙዎቹ ጉዳይ አንድ ነው፤ የመንገድ መኪናን ለውድድር መቀየርና የአሜሪካ የጭስ ሕግ። ካታላይቲክ የሚሉት የጭስ ማውጫ ቧንቧው ላይ ተገጥሞ መርዛማውን ጭስ የሚያጸዳው ዕቃ ነው። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ አቅርቤያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«የ1999 ማዝዳ ሚያታ በርካሽ ገዛሁ። ወንበሮቹን ነቅዬ፣ ብትገለበጥ የሚከላከል የብረት ኬጅ አስገጥሜ ለትራክ ብቻ ላደርጋት ነው። አንዱ ጓደኛዬ ‹ካታላይቲኩን ካወጣህ የፌዴራል ሕግ ጣስክ ማለት ነው› ይላል። ሌላው ‹ለሬስ ከሆነ ማንም አይነካህም› ይላል። የቱን ልስማ?» ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ሁለቱም ግማሽ ግማሹን ይዘዋል።

መኪና ለገበያ ከመቅረቡ በፊት የጭስ መቆጣጠሪያው ተፈትሾ ሰርተፊኬት ያገኛል። በንጹሕ አየር ሕጉ መሠረት ያንን መሣሪያ ማውጣት ወይም ማሰናከል ክልክል ነው። ድሮ ክልከላው የሚያተኩረው በአምራቹ፣ በነጋዴውና በጋራዡ ላይ ነበር። በ1990 ሕጉ ሲሻሻል ባለቤቱም ገባበት። ሕጉ «ተሽከርካሪ» የሚለው በመንገድ ላይ ሰው ወይም ዕቃ እንዲያጓጉዝ የተሠራውን ነው። ከመጀመሪያው ለውድድር ብቻ የተሠራ መኪና ስለዚህ አይመለከተውም። ያንተ ሚያታ ግን የተሠራችው ለመንገድ ነው። ወንበሯ ስለተነቀለ ከሕጉ ትወጣለች ወይ? ጭቅጭቁ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

በ2015 የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ፣ ኢፒኤ፣ ስለ ከባድ ተሽከርካሪዎች ጭስ ረቂቅ ደንብ አወጣ። እዚያ ውስጥ አንድ አንቀጽ ነበረች። ሰርተፊኬት ያለው መኪና ለውድድር ብቻ ቢውልም የጭስ መሣሪያው መነካት የለበትም ትላለች። ስለ ጭነት መኪና በሚያወራ ወፍራም ሰነድ ውስጥ የሚያታ ባለቤት ምን ሊፈልግ ይገባል? ለወራት ልብ ያላት ሰው አልነበረም። በፌብሩዋሪ 2016 ሴማ የተባለው የመለዋወጫ አምራቾችና ሻጮች ማኅበር አይቷት ጮኸ። የመኪና ወዳጁ ሁሉ ተነሳ፤ ለዋይት ሐውስ የቀረበው አቤቱታ ከመቶ ሺሕ በላይ ፊርማ አገኘ። በኤፕሪል ኢፒኤ አንቀጿን አወጣት።

ብዙ ሰው እዚያ ላይ «አሸነፍን» ብሎ ወደ ጋራዡ ተመለሰ። ኢፒኤ ግን ያወጣው አንቀጿን እንጂ አስተያየቱን አይደለም። ለዚህ ነው ሴማና ደጋፊዎቹ ነገሩን በሕግ ለማስጨረስ ወደ ኮንግረስ የሄዱት። አርፒኤም አክት የተባለው ረቂቅ በዚያው በ2016 ቀረበ። ከዚያ ወዲህም በተደጋጋሚ ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀርቷል። የሚለው ነገር ቀላል ነው፤ የመንገድ መኪናን ለውድድር ብቻ መቀየር ይፈቀድ ነው።

አንተን በቀጥታ የሚመለከትህ የኖቬምበር 2020ው የኢፒኤ ፖሊሲ ነው። መኪናቸውን ለውድድር ስፖርት የቀየሩ ባለቤቶችን መክሰስ ልማዱ እንዳልሆነ በጽሑፍ ገልጿል። ግን መኪናው ለውድድር ብቻ እንደሚውልና መንገድ ላይ እንደማይነዳ ባለቤቱ ማሳየት መቻል አለበት። ይህ የመሥሪያ ቤቱ አሠራር ነው፤ ሕግ አይደለም፤ ሊቀየር ይችላል።

ስለዚህ ካታላይቲኩን ካወጣህ ግማሽ መንገድ አትቁም። ታርጋውን ለመኪና መዝጋቢው ቢሮ፣ ለዲኤምቪ፣ መልስ። መኪናዋን በትሬለር ጫን። የተመዘገብክባቸውን ውድድሮች ደረሰኝ አስቀምጥ። ቅዳሜ ትራክ፣ ሰኞ ሥራ የምትሄድበት ከሆነ ያቺ የውድድር መኪና አይደለችም፤ ጭሷ የተበላሸ የመንገድ መኪና ናት። እኔን ከጠየቅከኝ የአርፒኤም አክት ጥያቄ እንዳንተ ላለው ሰው ተገቢ ነው። የሚያናድደኝ ትሬለር በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ጀርባ መደበቁ ነው። በነገራችን ላይ ከሚያታ ሞተር ካታላይቲክ በማውጣት የምታገኘው ጉልበት ጥቂት ነው። ያንን ገንዘብ ለጎማና ለአሠልጣኝ ብታውለው ሰዓትህ ይበልጥ ይሻሻላል።

«ኢቤይ ላይ ያየሁት፣ በካታላይቲክ ፋንታ የሚገጠም ቧንቧ ‹ለሬስ ብቻ› የሚል ተለጥፎበታል። ይህ ጽሑፍ ካለ እኔ ነጻ ነኝ?» ከአትላንታ

አይደለህም። ጽሑፉ ሻጩንም ብዙ አላዳነውም። ኢፒኤ ባለፉት ዓመታት እያሳደደ የቀጣቸው ኩባንያዎች ብዙዎቹ ይህንኑ ይጽፉ ነበር። ጥያቄው ዕቃው በተግባር የትኛው መኪና ላይ ይገጠማል ነው። ኢቤይን ራሱን መንግሥት በ2023 ከሶ ነበር፤ ከ343 ሺሕ በላይ እንዲህ ዓይነት ዕቃ በገጹ ተሽጧል ብሎ። በ2024 ዳኛዋ ክሱን ዘጉት። የዘጉት ግን ኢንተርኔት ላይ ሌሎች ለሚለጥፉት ነገር ድረ ገጾችን የሚከላከል ሕግ ስላለ ነው። ያ ከለላ ለገጹ ነው፤ ቧንቧውን ለሚገጥመው ሰው አይደርስም።

«ልጄ ሆንዳ ሲቪኩን ማርሚታ አስቀይሮ ሰፈሩን በጠበጠው። ጎረቤት ፊት አፈርኩ። ቨርጂኒያ ውስጥ ፖሊስ አስቁሞ ቀጥቶታል። እሱ ግን ‹ከሱቅ የተገዛ ነው፣ ሕጋዊ ነው› ይለኛል።» እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ ልጅዎ ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። ማርሚታ የድምፅ ዕቃ እንጂ የጭስ ዕቃ አይደለም። ከካታላይቲክ ኮንቨርተሩ ኋላ ያለውን ቧንቧና ማርሚታ መቀየር የፌዴራሉን የጭስ ሕግ አይነካም። ለድምፅ ግን እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ሕግ አለው። ቨርጂኒያ ለአጭር ጊዜ ፖሊስ በማርሚታ ጩኸት ብቻ መኪና እንዳያስቆም ከልክላ ነበር። ከጁላይ 2022 ጀምሮ መልሳ ፈቅዳለች። ልጅዎ ያንን ለውጥ አልሰማ ይሆናል።

እኔን የሚያሳስበኝ ካታላይቲኩ በቦታው መኖሩ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድንና ያልተቃጠለ ነዳጅን ወደማይጎዳ ነገር የሚቀይረው እሱ ነው። ካልኖረ ቼክ ኢንጂን መብራቱ ብዙውን ጊዜ ይበራል፤ ጭሱም ዓይን ያቃጥላል። ከተነቀለ በኋላ ቧንቧው በደንብ ካልተበየደ ደግሞ ጭስ ወደ መኪናው ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። የሜሪላንድ የጭስ ምርመራ በየሁለት ዓመቱ ስለሆነ ደብዳቤው እስኪመጣ አይጠብቁ። መካኒክ ዘንድ ይውሰዱትና ከሥር ይታይ። ልጁንም አብረው ይውሰዱት፤ ከእርስዎ ቢሰማው ይከራከራል፣ ከመካኒክ ቢሰማው ዝም ይላል።

«በዲዝል ፒክአፕ መኪና እየጫንኩ ከስቴት ስቴት እሠራለሁ። የጥቀርሻ ማጣሪያው፣ ዲፒኤፉ፣ በየጊዜው ይደፈናል፤ ያኔ መኪናው ጉልበት አጥቶ መሀል መንገድ ላይ ይቀራል። መካኒኩ ‹ዲሊት ላድርግልህ፣ ነቅዬ ላውጣልህ፤ ለሬስ ነው ብለህ ወረቀት ትፈርምና ትገላገላለህ› አለኝ።» ከዴንቨር

ወንድሜ፣ አትፈርም። በሩ ላይ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ፣ የዲኦቲ፣ ቁጥር የተለጠፈበት፣ ኋላው ላይ ሦስት መኪና የጫነ ፒክአፕ የትኛው ውድድር ላይ ነው የሚሮጠው? ወረቀቱ የሚጠብቀው መካኒኩን ነው፤ እሱንም ከጠበቀው። አንተ ግን ሕጉን አውቄ ጣስኩ ብለህ በገዛ እጅህ እየመሰከርክ ነው።

ብሶትህ ይገባኛል። አንድ ቀን የቆመ መኪና የአንድ ቀን እንጀራ ነው። ግን ዲፒኤፍ ዝም ብሎ አይደፈንም። ሥራው ጥቀርሻውን አጣርቶ መያዝ፣ ከዚያም በከፍተኛ ሙቀት ማቃጠል ነው። ሞተሩን አስነስተህ ለሰዓታት ከቆምክ ወይም አጭር አጭር መንገድ ከነዳህ ሙቀቱ አይደርስም። ቶሎ ቶሎ የሚደፈን ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ከፊት ነው፤ የሚያፈስ ኢንጀክተር፣ የተበላሸ ኢጂአር (ጭሱን በከፊል ወደ ሞተሩ የሚመልሰው ዕቃ)፣ የተሳሳተ ሴንሰር። እሱን ሳያስተካክሉ ዲፒኤፉን መንቀል ቴርሞሜትሩን ሰብሮ ትኩሳቱ ለቀቀኝ እንደማለት ነው። ፈትተው አጽድተው የሚመልሱ ሱቆች አሉ፤ ከአዲስ በጣም ይረክሳል።

ለምን እንዲህ ይከረራል ካልክ፣ ኢፒኤ በ2020 ባወጣው ጥናት በአሥር ዓመት ውስጥ ከ550 ሺሕ በላይ ዲዝል ፒክአፖች የጭስ መሣሪያቸው ተነቅሏል። ከእነሱ የሚወጣው ትርፍ ጭስ ከ9 ሚሊዮን በላይ ጤነኛ ዲዝል ፒክአፖች መንገድ ላይ እንደመጨመር ነው ይላል። ናይትሮጅን ኦክሳይድና ጥቀርሻው አስም ላለበት ልጅ ቀጥተኛ ጠላት ነው።

ቅጣቱ በሕጉ ላይ ለግለሰብ በአንድ መኪና እስከ 2,500፣ ለነጋዴ ደግሞ እስከ 25,000 ዶላር ተብሎ ተጻፈ። ከኑሮ ውድነቱ ጋር እየተስተካከለ ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የሚከስህ የግድ መንግሥት ብቻም አይደለም። ዩታ ውስጥ የሐኪሞች ማኅበር በቴሌቪዥን ትርኢት የታወቁ የዲዝል ፒክአፕ ሰዎችን ከሶ፣ በ2020 ፍርድ ቤቱ ከ800 ሺሕ ዶላር በላይ ቀጣቸው። ይግባኝ ሰሚው ገንዘቡ በከፊል እንደገና ይታይ ቢልም፣ ዜጎች ራሳቸው መክሰስ እንደሚችሉ አጽንቷል። ዋሽንግተን ላይ ነፋሱ ከአስተዳደር አስተዳደር ይቀያየራል። አንዱ ያጠብቃል፣ አንዱ ያላላል። አንተ ግን ፒክአፑን ለዓመታት ልትነዳበት ነው የገዛኸው።

«ሎስ አንጀለስ ነኝ። ጎልፍ ጂቲአዬን ጉልበቷ እንዲጨምር በሶፍትዌር ብቻ ቱን አስደርጌያለሁ፤ የነቀልኩት ዕቃ የለም። ስሞጉን፣ የጭስ ምርመራውን፣ አልፋለሁ?»

ሶፍትዌሩ ከካሊፎርኒያው የአየር ቦርድ፣ ካርብ፣ የፈቃድ ቁጥር ከሌለው አታልፍም። ከጁላይ 2021 ጀምሮ የስሞግ ማሽኑ የኮምፒውተሩን ሶፍትዌር ጭምር ያያል። ሶፍትዌሩን ፋብሪካው ወደጫነው አስመልሰው፤ ከዚያ መኪናው የራሱን ፍተሻ እስኪጨርስ ጥቂት ቀን ነድተህ ሂድ። የሚገርመው፣ በጥብቅነቷ የምትታማው ካሊፎርኒያ በሕጓ ላይ «የውድድር ተሽከርካሪ» የሚል የተለየ ቦታ አላት። መንገድ ላይ አይውጣ እንጂ ነጻ ነው።

«ፎልክስዋገን ዓለምን ሲያጭበረብር የኢፒኤ ሰዎች የት ነበሩ? ትንሹን ሰው ነው የሚያሳድዱት።» ከሲያትል

እዚያው ነበሩ፤ ዘገዩ እንጂ። ኩባንያው ዲዝል መኪኖቹ ሲፈተሹ ብቻ ጭሳቸው ንጹሕ እንዲመስል የሚያደርግ ሶፍትዌር ጭኖባቸው ነበር። የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መኪኖቹን መንገድ ላይ ለክተው ጉዱን አወጡት፤ ኢፒኤ በሴፕቴምበር 2015 ይፋ አደረገው። አንዳንዶቹ ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይለቁ ነበር። ኩባንያው በ2016 እስከ 14.7 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ስምምነት ፈረመ፣ በ2017 ወንጀሉን አምኖ ሌላ 2.8 ቢሊዮን ተቀጣ። አሜሪካ ውስጥ የታሰረ ሥራ አስኪያጅም አለ። ፎልክስዋገንን የያዘው ሕግና የዴንቨሩን መካኒክ የሚይዘው ሕግ ያው አንዱ ነው።

«የውድድር መኪናዬ ሲሰለቸኝ አዲስ አበባ ልልካት?» ከዳላስ

ቤንዚን ከሆነች አይሆንም። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ኢትዮጵያ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክላለች።

«ምንም ሳልነካ በካምሪዬ ትራክ መግባት እችላለሁ?» ከዉድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ

ከዛሬው ጥያቄ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ትችላለህ። በአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ፣ በኤስሲሲኤ፣ አውቶክሮስ ጀምር፤ ሰፊ ግቢ ውስጥ ኮን ተደርድሮ አንድ አንድ መኪና በሰዓት የሚለካበት ነው። ፍጥነቱ መጠነኛ ነው፣ ትምህርቱ ግን ብዙ። ካምሪ ስለሆነች ማንም አይስቅብህም፤ ቢስቅም ኮን እስኪመታ ነው። ከዚያ ከአሠልጣኝ ጋር የሚነዳበት የትራክ ቀን አለ። ቶርንበርግ ያለው ዶሚኒየን ሬስዌይ ቅርብህ ነው፤ ዌስት ቨርጂኒያ ያለው ሰሚት ፖይንትም ሩቅ አይደለም። ፍሬን ሸራህን አሳይ፣ የፍሬን ዘይቱን ቀይር፣ የጎማ ንፋስህን ለካ፣ የሚፈቀደውን የሄልሜት ዓይነት ከአዘጋጆቹ ጠይቅ። ኢንሹራንስህ ግን ትራክ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ላይከፍል ይችላል። ብዙ ውሎች ይህን በግልጽ ያወጡታል። ከመመዝገብህ በፊት «የማይሸፈኑ» የሚለውን ገጽ አንብብ፤ ለአንድ ቀን ብቻ የሚሸጥ የትራክ ኢንሹራንስም አለ።