ውሃው መምጣቱን የሚሰማው ማን ነው?

ጥያቄ፦ «የ31 ዓመት ወጣት ነኝ። ከተጋባን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖናል፤ የስምንት ወር ሴት ልጅ አለችን። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለታችንም ሠራተኞች ነን። ባለቤቴ ከወለደች ወዲህ ተቀይራብኛለች። ማታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ‹ምን ሆነሽ?› ስላት ‹ምንም› ትለኛለች። እኔ አልጠጣም፣ አላመሽም፣ ደመወዜን አልደብቅም። የቤት ሥራም አግዛታለሁ። ውሃ ሌሊት ሲመጣ ቀስቅሳኝ ጀሪካኑን ሁሉ እሞላለሁ፤ ጤፍ ወፍጮ ቤት አድርስ ስትለኝ አደርሳለሁ፤ ያለችኝን እምቢ ብዬ አላውቅም። እናቴ አምስት ልጅ ስታሳድግ እንዲህ አልሆነችም። አሁን አሁን ሌላ ሰው ይኖር ይሆን እያልኩ ስልኳን በስውር ማየት ጀምሬያለሁ። ለሽማግሌዎቻችን ልንገር ወይስ ልታገስ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ አልጠጣም፣ አላመሽም፣ አልደብቅም ያልከውን አምንሃለሁ። ሚስትህም የምታምንህ ይመስለኛል። ደብዳቤህን ሳነብ ግን አንዲት ቃል ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ «ቀስቅሳኝ» የምትለዋ ላይ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው፤ የታችኞቹ ቤቶች ሲተኙና ግፊቱ ሲበረታ። አንተን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ለመቀስቀስ ከአንተ በፊት የነቃ ሰው መኖር አለበት። ያ ሰው ከመተኛቱ በፊት የዛሬው ሌሊት የውሃ ተራ መሆኑን አስታውሷል። ባዶ ጀሪካኖቹን አለቅልቆ ደርድሯል፤ የቧንቧውን እጀታ ከፍቶ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጧል። ከዚያም አንድ ጆሮውን ለልጅቷ፣ አንዱን ለቧንቧው ሰጥቶ ተኝቷል። ይህ እንቅልፍ አይደለም፤ ጋደም ብሎ ተራ መጠበቅ ነው። አንተ ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልተህ ስትደረድር ድካምህ እውነተኛ ነው። ሥራህ ግን ውሃው ሲወርድ ጀምሮ የመጨረሻው ክዳን ሲገጠም ያበቃል። የእሷ ሥራ የጀመረው ከመሸ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ የሚያበቃበትም ሰዓት የለውም።

የጠቀስካቸውን ሥራዎች አንድ በአንድ ተመልከት፦ ቀስቅሳኝ፣ አድርስ ስትለኝ፣ ያለችኝን። በእያንዳንዱ ሥራ መነሻ ላይ እሷ አለች። እኔ እንደማነበው ቤታችሁ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሥራ አለ፤ አንዱ መሥራት፣ ሌላው ማሰብ። ከመሥራቱ ድርሻህን ወስደሃል። ማሰቡን ግን ማንም ሳይነግራት፣ ማንም ሳያመሰግናት ብቻዋን ይዛዋለች።

አሊሰን ዳሚንገር የተባለች አሜሪካዊት የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመችው ጥናት 35 ጥንዶችን አነጋግራ ይህን የማይታይ ሥራ በአራት ከፍላዋለች፦ የሚያስፈልገውን ቀድሞ ማየት፣ አማራጭ መፈለግ፣ መወሰን፣ መፈጸሙን መከታተል። ሲወሰን ባልና ሚስት ብዙ ጊዜ አብረው ይገኛሉ። ቀድሞ ማየቱና መከታተሉ ግን በአመዛኙ የሚስቶቹ ሆኖ ተገኝቷል። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ሰዓት የላቸውም፤ ቢሮም፣ ታክሲ ሰልፍ ላይም፣ አልጋ ላይም ይከተላሉ።

የእናንተን እንጀራ ውሰድ። ቅዳሜ ጠዋት እንዲጋገር ሊጡ ረቡዕ ማታ መቦካት አለበት። ረቡዕ እንዲቦካ ዱቄት መኖሩ ሰኞ መታየት አለበት፤ ካለቀም ጤፉ ተገዝቶ፣ ተነፍቶ፣ ወፍጮ ቤት ደርሶ መመለስ አለበት። እርሾ ካለፈው ሊጥ መቀነስ፣ አብሲቱ የሚጣልበትን ሰዓት መያዝ፣ የመብራት ካርዱ ለምጣዱ የሚበቃ ሒሳብ እንዳለው ማየትም አለ። ቅዳሜ መብራት ከጠፋ ሊጡ ይኮመጥጣል፤ ስለዚህ መብራት ቢጠፋ ከየት እንደሚገዛም ከወዲሁ ይታሰባል። በዚህ ሁሉ መሃል አንተ ጤፉን ተሸክመህ ወፍጮ ቤት አድርሰሃል። እሱ አንድ ሰዓት ነው፤ የቀረው ግን ሳምንቱን ሙሉ ነው።

ይህን የምጽፍልህ አንተን ክፉ ለማድረግ አይደለም። እንዴት እንደመጣ ሳስበው ነገሩ የተጀመረው ልጃችሁ የተወለደች ሰሞን ይመስለኛል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ አባት ደግሞ 3 ተከታታይ ቀን ፈቃድ አላቸው። አንተ በአራተኛው ቀን ሥራ ስትገባ እሷ የልጅቷን ለቅሶ መለየት፣ የጡት ሰዓቷን መቁጠር፣ የክትባት ቀኗን መያዝ ጀመረች። በሦስት ወር ውስጥ እሷ የምታውቅ፣ አንተ የምትጠይቅ ሆናችሁ። ከዚያ እሷም ሥራ ገባች፤ የማወቁ ሸክም ግን አብሯት ቀረ። ማናችሁም ቁጭ ብላችሁ እንዲህ ይሁን አላላችሁም።

እናትህን ለንጽጽር ማምጣትህን አልወደድኩትም። ልጅ ሆነህ ያየኸው የቀረበውን መሶብ ነው፤ መሶቡ እንዲቀርብ ሌሊት የታሰበውን አላየህም። ምናልባትም አክስት፣ ጎረቤት ወይም ከአገር ቤት የመጣች ዘመድ ነበረች። እናትህ በሕይወት ካሉ አንድ ቀን ብቻቸውን አግኝተህ «ያኔ ማታ ስትተኚ ምን ታስቢ ነበር?» በላቸው። መልሳቸውን ሳታቋርጥ ስማ።

«ምንም» የሚለው መልሷስ? እኔ ሁለት ነገር እሰማበታለሁ። አንደኛው፣ ብትነግርህ «ታዲያ ንገሪኝና ላድርገው» እንደምትላት ታውቃለች፤ መንገሩ ራሱ ሌላ ሥራ ሆኖ ይመለስባታል። ሁለተኛው ይብሳል። የማይጠጣ፣ የማያመሽ፣ የታዘዘውን የሚያደርግ ባል ያላት ሴት «ደከመኝ» ብትል ማን ይሰማታል? እናቷም ጎረቤቷም «ምን ጎደለብሽ?» ነው የሚሏት። ስም የሌለው ድካም ኩርፊያ ይመስላል። ነገሩን ወደ ሽማግሌ አሁን እንዳትወስድ የምመክርህም ለዚህ ነው። ሽማግሌ የሚጠይቀው የታወቀ ነው፦ መታሽ ወይ? ይሰክራል ወይ? ገንዘብ ይከለክልሻል ወይ? ለሦስቱም «አይ» ትላለች፤ ጥፋተኛም ሆና ትነሣለች።

ሌላ ሰው ስለመኖር አለመኖሩ ከደብዳቤ ተነሥቶ መፍረድ አይቻልም። የዘረዘርከው ግን ጥርጣሬን የሚያስነሣ ሆኖ አላገኘሁትም። ሌሊት የምታጠባ ሴት እንቅልፏ ይቆራረጣል፤ ማጥባት የሚያመጣው የሆርሞን ለውጥም የወሥብ ፍላጎትን ሊቀንስ ይችላል። በዚያ ላይ ጆሮዋ ቧንቧው ላይ ነው። ስልኳን መፈተሹን ከዛሬ ጀምሮ ተው። ካወቀችብህ፣ ስለ ድካሟ ልትሰማት የነበረው ጊዜ አንተ ይቅርታ የምትጠይቅበት ይሆናል።

ምን ላድርግ ካልክ፣ ብዙ አትጀምር። አንድ ሥራ ከነሐሳቡ ተረከብ፤ ውሃው ይሁን። ተራው የትኛው ሌሊት እንደሆነ አንተ ያዝ፤ በስልክህ ደወል ሙላ፤ ቧንቧውን ከፍተህ አንተ ተኛ፤ አንተው ንቃ። በሁለት ተራ መካከል ስንት ጀሪካን እንደሚያልቅ ሁለት ሳምንት ቁጠር፤ የሕፃን ልብስ የሚታጠብበት ቀን ይለያል። ውስጡ አረንጓዴ የያዘውን ጀሪካን በጠጠርና በበረኪና ናጠው፤ ደኅና አድርገህም አለቅልቀው። የልጅቷን መጠጫ ለይተህ አፍላ። ከመጀመርህ በፊት ግን ቤት ውስጥ መጥፋት የሌለበት ትንሹ መጠን ስንት እንደሆነ ሁለታችሁ ተስማሙ፤ ካልተስማማችሁ እያንዳንዱ ጀሪካን ጭቅጭቅ ይሆናል።

አንድ ሌሊት ደወሉ ሳይሰማህ ያልፋል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ያን ቀን እሷ እንድታድንህ አትጠብቅ፤ ገዝተህም ሆነ ከጎረቤት ለምነህ አንተ ሙላው። እሷም ለብዙ ሳምንት ቀድማህ ትነቃለች፤ ሰውነቷ ለምዶታል። «አታምኚኝም ማለት ነው?» እንዳትላት። የሰው ጆሮ በቃል ኪዳን አያርፍም፤ ውሃው ደጋግሞ ተሞልቶ ሲያገኘው ነው የሚያርፈው። ምናልባት ሁለት ወር ይፈጅ ይሆናል።

ማነጋገርም አለብህ፤ አልጋ ላይ ግን አይሁን። እሑድ ከሰዓት ልጅቷ ስትተኛ ቡናውን አንተ አቅርበህ አንድ ነገር ንገራት፦ «ውሃ ሲመጣ የምትሰሚው አንቺ መሆንሽን እስከ ዛሬ አላስተዋልኩም ነበር።» ከዚያ ዝም በል። «ለምን አልነገርሽኝም?» የሚለው ጥያቄ አፍህ ላይ ይመጣል፤ ዋጠው። ብታለቅስም አታባብላት፤ ትጨርስ።

በደብዳቤ ልለየው የማልችለው አንድ ነገር አለ። አብዛኛውን ቀን ከከፋት፣ ትወደው የነበረው ነገር ሁሉ ደስ የማይላት ከሆነ፣ ልጅቷ ተኝታም እሷ እንቅልፍ ካጣች፣ ይህም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ሊሆን ይችላል። ሕክምና አለው። «መኖሬን ጠላሁት» የሚል ቃል ከአፏ ከወጣ ግን አንድ ቀን አታሳድር፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዳት። ድብርት ባይሆንም፣ ሁለት ወር ሞክራችሁ ዝምታው ካልተፈታ አብራችሁ ወደ ባለሙያ ሂዱና ፊት ለፊት ተነጋገሩ። «ሚስቴን አክሙልኝ» ብለህ ሳይሆን «ሁለታችንን ስሙን» ብለህ ሂድ።

የልጃችሁ የ9 ወር የኩፍኝ ክትባት ደርሷል። ጤና ጣቢያ አብረሃቸው ሂድና የእናቲቱንም ጤና እዚያው አስጠይቅ። ቀኑ መቼ እንደሆነ ግን እሷን አትጠይቃት፤ የክትባት ካርዱ የተቀመጠበትን ራስህ ፈልገህ እየው።