መልስ፦ እዚያው የሚጠመቅ ድራፍት ሲቀመስ

«አዲስ አበባ ውስጥ ራሳቸው የሚጠምቁ ቤቶች ስሄድ ጥሩውን በምን ልለይ?» ላልከው፦ በጃምቦ አትጀምር። በትንሽ ብርጭቆ ከብሎንዱ (ፈካ ካለው ቢራ) ወደ ጥቁሩ ሂድ። ጥቁሩን ካስቀደምክ የተቆላው ብቅል ምላስህ ላይ ይቀርና ብሎንዱ ውሃ ውሃ ይልሃል።

ብርጭቆውን ልብ ብለህ እየው። ከውስጥ ጎኑ ላይ ጥቃቅን አረፋ ተለጥፎ ከቀረ ቅባት ወይም ሳሙና አለበት፤ አስቀይር። ሁለት ጣት አረፋ ከላይ ቢኖር ግን ደንቡ ነው፣ «ጎደለብኝ» ብለህ አትጣላ።

ቅቤ ቅቤ ካለህ ወይ ሳይደርስ ተቀድቷል ወይ ድራፍቱ የሚመጣበት ቧንቧ ቆሽሿል። ቧንቧ ቢያንስ በየ2 ሳምንቱ ይታጠባል፤ መቼ እንደታጠበ ብትጠይቅ ነውር የለውም። ደፍረስ ያለ የስንዴ ቢራ አልተበላሸም፣ ሳይጣራ የሚቀርብ ነው። ቤቱ እንደተከፈተ ከሄድክ ደግሞ መጀመሪያ የምትቀዳዋን ብርጭቆ ተዋት፤ ቧንቧ ውስጥ ያደረች ናት።