መልስ፦ ዉድዋርድ ያኔ ታዋቂ ነበር እንዴ?
«ቦብ ዉድዋርድ የዋተርጌትን ቅሌት ሲይዝ የታወቀ ጋዜጠኛ ነበር ወይ?» ላልከው፣ ኧረ በጭራሽ! ከባሕር ኃይል ወጥቶ ሥራ ፍለጋ ሲመጣ ዋሽንግተን ፖስት የተባለው ጋዜጣ ሁለት ሳምንት ሞክሮ አሰናበተው። ሜሪላንድ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ሳምንታዊ ጋዜጣ አንድ ዓመት ያህል ሠርቶ ነው እ.ኤ.አ. በ1971 የተመለሰው።

ጁን 17 ቀን 1972 አምስት ሰዎች ዋተርጌት በተባለው ሕንፃ፣ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ቢሮ ውስጥ እጅ ከፍንጅ ተያዙ። ዉድዋርድ ወደ ፍርድ ቤት ተላከ። ዳኛው አንደኛውን ተከሳሽ የት ይሠራ እንደነበር ጠየቁት። ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲአይኤ (የአሜሪካ የስለላ ድርጅት) አለ። በቃ፣ ተራ ሌብነት እንዳልሆነ ያኔ ገባው።

የቀረው እግር የሚያቃጥል ሥራ ነው። ከባልደረባው ከካርል በርንስታይን ጋር ማታ ማታ የፕሬዚዳንት ኒክሰን ምርጫ ዘመቻ ሠራተኞችን ቤት ያንኳኳሉ። ብዙው በር ፊታቸው ላይ ይዘጋል። ለዘመቻው የተሰጠ የ25 ሺህ ዶላር ቼክ ከተያዙት በአንዱ የባንክ ሒሳብ መግባቱን ሲያረጋግጡ ነገሩ ከረረ። ተሳስተውም ያውቃሉ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ አንድ ምስክር ለፍርድ ቤት ያልተናገረውን ተናግሯል ብለው ጽፈው ጉድ ሆነዋል።

በዚሁ ቅሌት ሳቢያ ኒክሰን በ1974 ሥልጣን ለቀቁ። ለዉድዋርድ መረጃ ያቀብል የነበረው የምስጢር ምንጭ ግን የኤፍቢአይ (የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ) ሹም የነበሩት ማርክ ፌልት መሆናቸው የታወቀው በ2005 ነው። እስከዚያ ዉድዋርድ ትንፍሽ አላለም።