ላፕቶፔን ይዤ እናቴ ጋ ብገባስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለአንድ የሶፍትዌር ድርጅት ከቤቴ ሆኜ ነው የምሠራው፤ ቢሮ ከረገጥኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። የአሜሪካ ዜግነት አለኝ። እናቴ አዲስ አበባ ብቻዋን ናት፣ ጉልበቷንም እያመማት ነው። ላፕቶፔን ይዤ ሄጄ እሷ ጋ አንድ ዓመት ያህል እየሠራሁ ብቀመጥ ብዬ አስባለሁ። ጓደኛዬ «ለአለቃሽ ምን አስነገረሽ፣ ቪፒኤን ከፍተሽ ዝም ብለሽ ሥሪ» ትለኛለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?
የእናቷ ልጅ፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ እህቴ፣ ሂጂ። የጓደኛሽን ምክር ግን እዚያው ትተሽው ሂጂ።

መጀመሪያ ለአለቃሽ ንገሪ፣ በጽሑፍ። ብዙ ድርጅቶች ላፕቶፑ ከየት አገር እንደተከፈተ ያያሉ። ያለሽበትን አገር የሚደብቅልሽ ቪፒኤን አንድ ቀን ይቋረጥና አዲስ አበባ መሆንሽ ይታወቃል፤ ያኔ ብትጠይቂያቸው ይፈቅዱልሽ የነበሩ ሰዎች ስለዋሸሻቸው ያባርሩሻል። ድርጅቱም የሚፈራው ነገር አለው። ሠራተኛው ሌላ አገር ብዙ ሲቆይ ድርጅቱ ራሱ እዚያ የግብር ዕዳ ሊመጣበት ይችላል፣ የደንበኞቹ መረጃ ከአገር እንዳይወጣ በውል የታሰረም አለ። ስለዚህ «አንድ ዓመት» ብለሽ አትጀምሪ። ሦስት ወር ጠይቂ። ሥራሽ እንዳልተበላሸ ካዩ ማራዘሙ ይቀላል።

የመግቢያው ወረቀት ላንቺ ቀላል ነው፤ ቢጫ ካርድ አውጪ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ካርዱን የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድም ይሠራል። ኤምባሲው ቅርብሽ ነው፣ የድሮ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርትሽን ከአሁኑ ፈልጊ።

ግብሩ ላይ ግን ቆም በዪ። በኢትዮጵያ ሕግ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ አገር ውስጥ የቆየ ሰው ለግብር ነዋሪ ነው፤ ነዋሪ ደግሞ ከውጭ በሚያገኘው ገቢም ግብር ይጠየቃል። አሜሪካም ዜጋዋ የትም ይኑር ግብሯን ትጠይቃለች። በ12 ወር ውስጥ 330 ሙሉ ቀን ውጭ ከቆየሽ፣ በአውሮፓውያኑ 2025 እስከ 130,000 ዶላር የሚደርስ የሥራ ገቢ ከፌዴራል የገቢ ግብር ነፃ ሊሆንልሽ ይችላል። ሁለቱ አገሮች ግን የገቢ ግብር ስምምነት የላቸውም። እና አምስት ወር መቀመጥና ዓመት መቀመጥ በጣም ይለያያል፤ ትኬት ሳትቆርጪ የሁለቱንም ሕግ ለሚያውቅ የሂሳብ ባለሙያ ከፍለሽ አማክሪ።

እኔም ከዋሽንግተን ሄጄ አምስት ወር ሞክሬዋለሁ። በጣም ያደከመኝ ሰዓቱ ነው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ልዩነቱ 8 ሰዓት ነው። ቢሮሽ በዋሽንግተን ሰዓት ከ9 እስከ 5 ከሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ ከአመሻሹ 11 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ትሠሪያለሽ ማለት ነው። በቀሪው ጊዜ አሜሪካ ሰዓት ስለምትቀይር አንድ ሰዓት ይሻላል። ሲያስቡት ደስ ይላል፣ ቀኑ ሙሉ ያንቺ ይመስላል። ግን ሌሊት 8 ሰዓት ተኝተሽ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አክስትሽ ትመጣለች። ለቅሶ አለ፣ ማኅበር አለ፣ ቡና አለ፣ ደግሞ ቀን ቤት የዋለ ሰው ሥራ የለውም ብሎ የሚያስብ ዘመድ ብዙ ነው፤ ክፋት የለበትም፣ ናፍቀውሽ ነው። እናቴ ራሷ ስብሰባ ላይ እያለሁ «ብዪ እንጂ» እያለች እራት ይዛ ትገባ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቤት እየኖርን በደንብ ሳንገናኝ ቀረን። በመጨረሻ ከአለቃዬ ጋ ተነጋግሬ ስብሰባው ሁሉ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት እንዲያልቅ፣ የቀረውን ሥራ ቀን ላይ ብቻዬን እንድሠራ ተስማማን። ከእናቴ ጋ ቁጭ ብዬ እራት መብላት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። አንቺ ይህን ከመሄድሽ በፊት ተደራደሪ። እኔ ብሆን ከደመወዝ ጭማሪ አስበልጠዋለሁ።

ቤቱ ዋይፋይ ቀድሞ ይግባ፣ ለራውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ይኑረው፣ የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ሲም ያዢ። መብራት ሲጠፋ ይህ ያሻግርሻል። በሰኔ 2012 እንደሆነው ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ከሦስት ሳምንት በላይ ቢዘጋ ግን የትኛውም ሲም አያድንሽም። ለአለቃሽ ይህንንም አትደብቂ፤ እንዲህ ከሆነ ዕረፍት እወስዳለሁ ወይም ናይሮቢ እሻገራለሁ በዪ። ከሥራ የሚሰጥሽ የጤና መድን ከአሜሪካ ውጭ ምን እንደሚሸፍንም ጠይቂ፤ ብዙዎቹ ውጭ ላይ ድንገተኛ ሕመም ብቻ ነው የሚሸፍኑት።

የእናትሽን ጉልበት በተመለከተ፣ ሐኪም ቤት የምታደርሻት አንቺ ነሽና ቀጠሮዋን ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ አስይዢ። ሌሊት 7 ሰዓት ሥራ ጨርሰሽ በማለዳ ተራ መጠበቅ አትችዪም።